ድኩላው ከወደቀ በኋላ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሽቶ ተቀብቼ ነው የሄድኩት። አዲስ ሥራ ነው ብዬ በሳሙና ተፈግፍጌ ታጥቤ፣ የወንድሜን ሽቶ ተርከፍክፌ፣ ጅማ አጠገብ ሰቃ ላይ መኪናው ከሚቆምበት ቦታ ጎህ ሳይቀድ ደረስኩ። የዱካ ተከታዮቹ ኃላፊ፣ በፈረሳቸው ስም አባ ዲማ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጠጋ ብለው አሸተቱኝ። "ሰርግ ነው የምትሄደው? ድኩላው ከሸለቆው ማዶ ሆኖ ያውቅሃል። ሂድ፣ ነገ ጭስ ጭስ እየሸተትክ ና" አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ። የመጀመሪያ ቀኔን ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዱካ ተከተልኩ። ሥራው ይኸው ነው፦ ፈቃድ ያወጣ እንግዳ ከውጭ ይመጣል፣ ድርጅቱ ይቀበለዋል። ዋና አዳኙ አለቃ ነው፤ እንግዳውን ይዞ ይሄዳል። ከመንግሥት የሚላከው ስካውት ፈቃዱን ያያል፣ የሚመታው ወንድ መሆኑን ይቆጣጠራል። እኛ ዱካ ተከታዮቹ እንስሳውን እናገኛለን። ቆዳ ገፋፊው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስህተት ሲፈጠር ግን ይህ ተራ ይገለበጥና ጥፋቱ ከታች ይጀምራል።

የአደን ወቅት የሚከፈትበት ቀን እንደሌላው ቀን አይደለም። ድኩላው ለወራት ተኩስ ስላልሰማ ተዘናግቷል። ማለዳ ከቡናው ጥላ ወጥቶ ከጫካው ጠርዝ ቅጠል ይቀነጥሳል። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ግን ጥሻው ውስጥ ይገባና ሳምንት ሙሉ ቢለፋ አይገኝም። ስለዚህ ያን ቀን መሮጥ የለም፣ በውሻ ማባረር የለም። አመድ በጨርቅ ቋጥሬ እይዛለሁ፤ ቆንጠር አድርጌ ስለቀው ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ይነግረኛል። በማለዳ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ከእንስሳው በታች እንቀመጣለን። ፀሐይ ስትሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያኔ ቦታ መቀየር ነው። ሴቷ ቀላ ትላለች፣ ቀንድ የላትም። ወንዱ ጠቆር ይላል፣ ሁልጊዜም ከኋላ ቀርቶ ነው የሚወጣው። ሴቷን አይቶ የቸኮለ ወንዱን ያጣል።

እስከዚህ ድረስ ማንም ሊማረው ይችላል። ሰው የሚጎዳው ድኩላው ከወደቀ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ቀንዱና ቆዳው የእንግዳው ነው፣ ሥጋው የመንደሩ። መንደሩ ደግሞ ሙስሊም ነው። ድኩላው ነፍሱ ሳትወጣ "ቢስሚላህ" ተብሎ ካልታረደ በክት ነው፣ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ከእኛ ከዱካ ተከታዮቹ አንዱ፣ ቢላ ይዞ፣ ተኩሱ እንደተሰማ መሮጥ አለበት። ጊዜው የሚለካው በደቂቃ ሳይሆን በትንፋሽ ነው። አባ ዲማ ለዚህ አንድ ሕግ አውጥተው ነበር፦ ተኳሹ የጠመንጃውን መቀርቀሪያ ስቦ የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀለህ እስኪወድቅ ድረስ ማንም አይነሳም። ቀለህ ከወደቀ ተኩስ አልቋል ማለት ነው። ይህ እንዲሆን ግን ሌላ ጥይት እንዳያጎርስ እንግዳው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

አለቃችን ጋሽ ጌታሁን ማረዳችንን አይወዱትም ነበር። እንግዳው የእንስሳውን ራስ ከነአንገቱ አሠርቶ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፤ አንገቱ ላይ ቢላ ካረፈ ቆዳው ይበላሻል። "ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጋችሁ እረዱ" ይሉናል። ዝቅ አድርገን እናርዳለን። ያም ቢሆን ፊታቸው አይፈታም።

ያን ዓመት የመጣው እንግዳ በአገሩ ድልድይ ሲሠራ የኖረ ጡረተኛ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። እንግሊዝኛ የሚችሉት ከመካከላችን ጋሽ ጌታሁን ብቻ ናቸው። የሚያርደው ነስሩ ነበር፣ የታናሽ እህቴ ባል። እግሩ ፈጣን ስለሆነ እኔ ራሴ ነኝ ሥራ ያስገባሁት።

ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጠመንጃው ሲሞከር አለቃዬን ጠጋ አልኳቸው። "ጋሼ፣ ለእንግዳው ይንገሩልን። ድኩላው ከወደቀ ነስሩ ለማረድ ይሮጣል። ቀለሁን ካወጣ በኋላ ድጋሚ እንዳያጎርስ።"

"እነግረዋለሁ" አሉኝ።

ጠዋት መኪናው ጋ ደግሜ ጠየቅኳቸው። "ጋሼ፣ ነገሩት?"

"አንተ ሰውዬ፣ ስንቴ ነው የምትጠይቀኝ? አልኩህ እኮ!"

ጫካው ጠርዝ ስንደርስ ለሦስተኛ ጊዜ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን አወናጨፉብኝ። ነስሩ ከጎኔ ቢላውን ከሰገባው እያላላ "ነግረውታል?" አለኝ።

"ነግረውታል" አልኩት።

ሁለት ሴት ድኩላዎች ወጡ። እንግዳው አልቸኮለም፤ ሰውየው ሥርዓት ያለው አዳኝ ነበር። ቆይቶ ወንዱ መጣ። ቀንዱ ጥሩ ነበር። ስካውቱ ወንድ ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ፣ እንግዳው ጠመንጃውን በባለ ሦስት እግሩ መደገፊያ ላይ አስተካክሎ ተኮሰ። ድኩላው ወደቀ፤ እግሮቹ ይራገጣሉ። እንግዳው መቀርቀሪያውን ሳበ። ቀለሁ ብልጭ ብሎ ሳሩ ላይ ወደቀ።

ነስሩ ተነስቶ ሮጠ።

እኔ ቀለሁን ሳይሆን የእንግዳውን እጅ ነበር የማየው። እጁ አልቆመም። መቀርቀሪያውን መልሶ ገፋው፣ ሌላ ጥይት አጎረሰ፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስተኛ። ድኩላው ለመነሳት ጉልበቱ ላይ ቆሟል። "ቁም! ነስሩ ተኛ!" ብዬ ጮህኩ። ተኩሱና ጩኸቴ አንድ ላይ ወጡ።

ጥይቱ ነስሩን ከጉልበቱ በላይ መታው። ያ ረቢ! የደሙን አወራረድ አልናገርም። ፎጣዬን ከቁስሉ በላይ ጠፍሬ አሰርኩት። ስካውቱና እኔ የመደገፊያውን በትሮች በብርድ ልብስ አስረን ቃሬዛ ሠራን። እንግዳው ጠመንጃውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ። ጋሽ ጌታሁንስ? እኛ ስንታገል እሳቸው ለቆዳ ገፋፊው ይጮሃሉ፦ "አንገቱን እንዳትነካ! ከደረቱ ጀምር!"

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ያን ጊዜ እጄ ባዶ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፤ እጄ የነስሩን እግር ይዞ ነበር።

ጅማ እስክንደርስ ነስሩ ሁለት ጊዜ ራሱን ሳተ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። ነፍሱ ተረፈች፣ አልሃምዱሊላህ። እግሩ ግን አልተረፈም።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ጌታሁን በቾ ቦሬ ሰፈር ካለው ቤቴ ድረስ ወረቀት ይዘው መጡ። "ዱካ ተከታዩ ያለ ትእዛዝ በራሱ ፈቃድ ወደ ተኩስ መስመር ሮጠ" ይላል። ከሥሩ ስሜ ተጽፎ ለፊርማ ቦታ ተትቶልኛል።

"ይኼ ውሸት ነው ጋሼ" አልኩ።

"ሮጧል አልሮጠም?"

"ሮጧል። እርስዎ ግን ለእንግዳው አልነገሩትም።"

"ማን አየኝ? ፈርም ጀማል። ወቅቱ ገና መጀመሩ ነው፣ ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ አንተም ልጆች አሉህ።"

ወረቀቱን መለስኩላቸው። "ከቤቴ ይውጡልኝ" አልኳቸው። በሕይወቴ ታላቅ ሰው ከደጄ ያባረርኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አልጸጸትም።

በማግስቱ እንግዳው ነስሩን ሊጠይቅ ሆስፒታል መጣ፤ አለቃችንም ተከትለውት። አንዲት ነርስ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ እንድታስተረጉምልኝ ለመንኳት። "ድኩላውን ለማረድ ሰው እንደሚሮጥ ተነግሮት ነበር ወይ? በይልኝ" አልኳት።

ሰውየው ግራ ገባው። አሁንም አሁንም አለቃችንን እያየ መለሰ። ነርሷ ቃል በቃል ነገረችን፦ "'ማንም አልነገረኝም። የተነገረኝ ከተንቀሳቀሰ ቶሎ ድገመው፣ የተጎዳ ድኩላ አደገኛ ነው የሚል ነው። እንደሚታረድም አላውቅም ነበር' ይላል።"

እንደሚታረድም! በዚያች ሰዓት ነው የገባኝ። አለቃዬ የረሱ መስሎኝ ነበር፤ አልረሱም። አንገት ላይ ቢላ እንደሚያርፍ እንግዳው ከሰማ ይከፋዋል ብለው ነው የዋጡት። ሁለተኛው ጥይት ድኩላውን ቢገድልላቸው ደግሞ ማረድ የሚባል ነገር አይኖርም፣ የድኩላው ቆዳም ይድናል። ለአንድ ክንድ ቆዳ ብለው የሰው እግር!

ጋሽ ጌታሁን መስኮት መስኮቱን ያያሉ። እኔ አፌን ሞልቼ ልሰድባቸው ወደ እሳቸው ዞርኩ። ነስሩ ከአልጋው ላይ ክንዴን ያዘኝ። እሳቸውን አላያቸውም፤ የሚያየው እኔን ነው።

"ጀማል" አለኝ፣ "ነግረውታል ብለኸኝ አልነበር?"

 

እዚያ ክፍል ስለሰማሁት ሁሉ ለወረዳው ቃሌን ሰጠሁ፤ እንግዳውም ሳይሄድ በእጁ ጽፎ ሰጠ። ጋሽ ጌታሁን ከሥራው ተነሱ፣ እኔ ደግሞ በሌላ አለቃ ሥር ስድስት ወቅት ሠራሁ። በእነዚያ ስድስት ወቅቶች አስተርጓሚ አልጠበቅኩም። እንግዳው ፊት ቆሜ ድኩላውን፣ ቢላውን፣ ሩጫውን፣ የጠመንጃውን ባዶ ማጉረሻ በእጄ እያሳየሁ እነግረዋለሁ። ራሱ በእጁ መልሶ እስኪያሳየኝ አልተወውም። የሚስቅብኝ ነበር። ይሳቅ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፦ ጠመንጃ ለያዘው ሰው ራሳችሁ ንገሩት፣ መስማቱንም በዓይናችሁ እዩ። ያላያችሁትን "ተነግሮታል" ብላችሁ ለባልደረባችሁ አትንገሩ።