ከፍሪዘሩ ያወጣሁት ሳጥን

ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር ዲላ ገበያ ሄደን አቮካዶ መግዛት ነበር። ሻጯ ደንበኛው ናት። «ፕሮፌሰርዬ፣ ያ ኮምፒዩተርህ የበሰለውን ይለያል እንዴ?» አለችው። «አንቺን ሳይጠይቅ አይለይም» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የሥራ ዘመኑን በሙሉ የሰጠው ለአንድ ሐሳብ ነው። ኮምፒዩተር ሁሉን ነገር መጀመሪያ ተነግሮት ብቻውን የሚጨርስ ሳይሆን፣ እየሠራ የሚጠይቅ፣ በሚሰጠውም መልስ መንገዱን የሚያስተካክል መሆን አለበት ይል ነበር። በኋላ ይህንኑ በሽቦ ሳይሆን በሞለኪውሎች በሚያሰላ ኮምፒዩተር፣ በአንዲት የፈሳሽ ጠብታ ውስጥ ሊያሳይ ተነሣ። ሞለኪውሎቹን የሚያሠራውን ኢንዛይም በስንት ልመና ከውጭ አገር አስመጣ። ቤተ ሙከራው እስኪታደስ ድረስ በትንሽ ሳጥን እኛ ቤት ፍሪዘር ውስጥ አኖረው። «ከቅዝቃዜ ከወጣ አለቀለት፤ አደራሽን» አለኝ።

ወንድሜ ከይርጋጨፌ ሊጠይቀን ሲመጣ በግ አረድን። ለሥጋው ቦታ ስፈልግ ሳጥኑን አወጣሁት። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ጠረጴዛ ላይ ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ ሳየው ዙሪያውን ውሃ አቁሯል፤ ጠራርጌ መለስኩት።

ሙከራው አልሠራም። ደጋገመው፤ አልሠራም። አንድ ቀን ምሳ እየበላን «ዓለሜ፣ ሳጥኑን ነካክተሽው ነበር እንዴ?» አለኝ።

«እኔ? ኧረ በጭራሽ!»

አመነኝ። መልሴን ይዞ ሄደና ጥፋቱን ከራሱ ፈለገ። በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ «ሐሳቤ ከመነሻው የተሳሳተ ነበር» ብሎ ሥራውን ዘጋው።

መርሳቱ ይቅር ይባል ይሆናል። ውሸቱስ? ከውሸቱ በኋላ ዝም ያልኩባቸው ዓመታትስ? የባሰው ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። በጊዜ ቤት መግባት፣ ከጎኔ ተቀምጦ ዜና ማየት ጀመረ። ባሌን አገኘሁት አልኩ። ያገኘሁት ግን በራሱ ማመን ያቆመ ሰው ነበር። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ እንኳ እጁን ይዤ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። በእኔ ጥፋት ራሱን እንደወቀሰ ሞተ።

ፈርቼ ነው አልልም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ነበር፤ እሱም የለም።

የምርምር ማስታወሻዎቹ ለተማሪዎቹ እንዲደርሱ ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጥኩ ነው። «ስህተቱ የእኔ ነው» ብሎ ከጻፈበት ገጽ ሥር፣ ያበላሸሁትም የዋሸሁትም እኔ እንደሆንኩ ከነስሜ አሰፈርኩ። ገልብጬ ስጨርስ ተማሪዎቹ ያነቡታል፤ አሁን በቀን ግማሽ ገጽ ብቻ እገለብጣለሁ።