ሥራ የለም ያለው ወንድሜ

ብረት በያጅ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በከፈትነው ሱቅ በርና መስኮት የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ ደንበኛ የሚያነጋግረውና ብር የሚቀበለው እሱ። ሮብ ገበያና አምበር ከሚባሉት የአቅራቢያ ከተሞች ድረስ ሰዎች እየመጡ ያዝዙናል። ሁሉም በጥሬ ገንዘብ ነው የሚከፍሉት፤ ደረሰኝ የሚጠይቅ የለም።

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ፣ ነጋዴ ለግብር ገቢውን የሚያሳውቅበት ወር ነውና፣ እለምነዋለሁ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያገኘነውን በትክክል እንናገር።»

«አንቺ ብየዳሽን ያዢ» ይለኛል። «ጥሬ ገንዘብ ማን አየው?»

ከዚያ ገቢዎች ቢሮ ይሄድና «ሥራ የለም፤ ተዘግተን ነው የከረምነው» ብሎ ይመለሳል። እየሳቀ ሲያወራልኝ ደሜ ይፈላል። እኔ ዓይኔ በብየዳ ብርሃን ተቃጥሎ እንቅልፍ አጥቼ ባደርኩ፣ እሱ ተዘግተን ከረምን ይላል!

በኋላ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ሱቃችን እንደሚፈርስ ተነገረን። ለሚነሣ ነጋዴ ሥራው ለተቋረጠበት ካሣ እንደሚሰጥ ስንሰማ፣ ወንድሜ ካሣ በሚከፈልበት ቢሮ ማልዶ ወረፋ ያዘ። እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ተራችን ሲደርስ ሠራተኛዋ ከገቢዎች የመጣውን ፋይል አይታ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሥራ የለኝም ብለዋል። ታዲያ የቱ ሥራ ተቋረጠ ብለን እንካስዎ?» አለችው።

«ከጠዋት እስከ ማታ ስንሠራ አገር ያውቃል!» ብሎ ጮኸ።

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ደጅ እንደወጣን «እጄን እይ» አልኩት። ወንድም ጋሼ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። «ሥራ ከሌለ ይህን ጠባሳ ከየት አመጣሁት?»

«ለእኛው ብዬ ነው።»

«ለኪስህ ነው!»

የብየዳ ማሽኔን በባጃጅ ጭኜ ከእሱ ተለየሁ። ወደ የጁቤ በሚወስደው የከተማው መውጫ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ ንግድ ፈቃድም በስሜ አወጣሁ። ሐምሌ ላይ ራሴ ሄጄ ያገኘሁትን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ግብር ገማቹ ፈገግ አለ።

«ሰው የሚናገረው ግማሹን ነው። ስለዚህ እጥፍ አድርገን እንይዘዋለን።»

«እውነት በተናገርኩ ነው የምቀጣው?» አልኩት። ድምፄ ኮሪደሩን አናጋው። ቅሬታ አስገባሁ፤ ከቢሮ ቢሮ አንከራተቱኝ። በመጨረሻ ኮሚቴ መጥቶ ሥራዬን አየና ግምቱን ዝቅ አደረገው። ያም ሆኖ እኔ ካልኩት ይበልጣል። እየተቃጠልኩ ከፈልኩ። ጎረቤቶቼ ሞኝ ይሉኛል። ይበሉ። ሠርቼ ሳለ አልሠራችም የሚለኝ ሰው ሁለተኛ አይኖርም።

በቅርቡ ወንድሜ መጣና እንደገና አብረን እንሥራ አለኝ።

«እሺ፣ ግብሩን የማሳውቀው ግን እኔ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያስ ይቅርብኝ» ብሎ ወጣ።

የብየዳ ጭምብሌን መልሼ አጠለቅሁ። ግን ንዴቱ ስላልበረደልኝ የጀመርኩትን በር ሳልጨርስ ዋልኩ።