እንደ ጓሳ የተዘጋ ሶፍትዌር

መሐል ሜዳ ከተማ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ የውጭ ኩባንያ ዳታቤዝ፣ መዝገብ መያዣ ሶፍትዌሩ፣ የአማርኛ ስሞችን በፊደል ተራ መደርደር ሲያቅተው አይቼ ማስተካከያ ጻፍኩለት። ዳታቤዙን ማንም በነጻ ይጠቀምበት፣ ማንም ያሻሽለው ነበር። ኩባንያው ማስተካከያዬን ሲቀበል ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቼ ሰው አሰልችቻለሁ።

አምና በዚሁ ዳታቤዝ የበግ አርቢ ማኅበራትን መዝገብ በኢንተርኔት እየያዝኩ ልተዳደር አሰብኩ። የሞላሌ ከተማ አርቢዎች እሺ አሉኝ፤ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ ለትምህርት ቤቱም የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ። በሳምንቱ ኩባንያው ፈቃዱን መቀየሩን አሳወቀ። ከእንግዲህ በዳታቤዙ ለሌላ ሰው አገልግሎት የሚሸጥ ሁሉ እነሱን ማስፈቀድና መክፈል አለበት፤ ክፍያው ደግሞ ከአቅሜ በላይ ነው። አዲሱ ቅጂ ለሁሉም ነጻ የሚሆነው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የድሮው ቅጂ በነጻ ይቀጥላል፤ ጥገና ግን የለውም። የሰው መዝገብ ተረክቤ በማይጠገን ነገር ላይ ላስቀምጥ አልችልም። ምክንያታቸውንም ጽፈዋል፦ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በእኛ ልፋት ከበሩብን ይላል። እውነታቸውን ይሆናል። መናደድ ነበረብኝ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። ቆሎዬን መቆርጠም ቀጠልኩ።

እሑድ ለአባቴ ልነግራቸው ገጠር ሄድኩ። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ለዓመታት ተዘግቶ ሲደርስ ለሁሉም የሚከፈተውን የጓሳን የጋራ ሣር ከሚያስጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱም ነበሩ። ስለዚህ በሚያውቁት ላስረዳቸው ሞከርኩ።

"እንደ ጓሳው ነው አባባ። ዘግተውታል። በአራት ዓመቱ ለሁሉም ይከፈታል።"

"ተዘግቶ ሳለ እነሱ ይገባሉ?"

"ይገባሉ እንጂ፤ የራሳቸው ነው።"

"እንግዲያ ምኑን ጓሳ ሆነ? እኛ ስንዘጋው የዘጋውም ሰው አያጭድም። ይሄ እኮ የሰው ግቢ ነው።" ቀጥለውም፦ "የለፋሁበትን መልሱልኝ አላልካቸውም?"

"ማስተካከያዬን ሲቀበሉ ፈርሜላቸዋለሁ። እንዳሻችሁ አድርጉት የሚል ነበር።"

"አንብበኸው?"

"አላነበብኩትም።"

"እኔ መሃይሙ ሁለት ጊዜ ሳላስነብብ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አላውቅም። አንተን ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?"

ሊያስቀይሙኝ ብለው አይደለም፤ ከልባቸው ገርሟቸው ነው።

ሰኞ የክፍሏን ቁልፍ መለስኩ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ልወስድ ስሄድ ጸሐፊዋ ገና ለኃላፊው እንኳ አላቀረበችውም። ለሞላሌዎቹ ስደውል "አይዞህ፣ ደብተራችን አለ" ብለው እኔኑ አጽናኑኝ። አፈርኩ።

ከወር በኋላ ከኩባንያው መልእክት መጣ። በማስተካከያዬ ላይ ስህተት ተገኝቷል፤ አንዳንድ ስሞች ያለ ተራቸው ይወጣሉ፤ ብታስተካክልልን ይላል። ስለ ክፍያ የተነሣ ነገር የለም። ቁጭ ብዬ አስተካከልኩና ላክሁት። አብራኝ የምታስተምረው ባልደረባዬ ከጀርባዬ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ብላ ሳቀችብኝ። ስሙን የሚፈልግ ሰው እንዳያጣው ብዬ ነው አልኳት። ዋሸኋት። እምቢ ለማለትም ትንሽ ንዴት ያስፈልጋል፤ እኔ ያቺም አልነበረችኝም።