በካርዱ ውስጥ የተገኘው ማመልከቻ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ይኼ ደግሞ ምኑ ይነገራል?» እያልኩ ነበር። ሌላው ከበሽታ ዳንኩ ይላል፣ ሌላው ሥራ አገኘሁ ይላል። እኔ ግን ሥራ አላገኘሁም ብዬ ልመሰክር ነው! ሳቁ፣ ችግር የለም። ስሙ ብቻ ይባረክ!

ላሊበላ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ በኮንትራት እሠራ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ዘይነባም ኮንትራት ነበረች። በየስድስት ወሩ «ይታደስልን ይሆን?» እያልን ስንሳቀቅ ኖረን፣ ባለፈው ዓመት አንድ ቋሚ መደብ ወጣ። መደቡ አንድ፣ እኛ ሁለት።

በማመልከቻው ሳምንት የዘይነባ አጎት ሞቱና ወደ ቆላ፣ ወደ ቤተሰቦቿ ወረደች። ስትሄድ ማመልከቻዋን ሰጠችኝ።

«ካንቺ ጋር አስገቢልኝ፤ አደራ።»

የራሴን አስገባሁ። የእሷን ግን፣ ወገኖቼ፣ ከመደርደሪያው አንድ የታካሚ ካርድ መዝዤ ውስጡ ከተትኩት። የማን ካርድ እንደሆነ እንኳ አላየሁም። ስላልቀደድኩት ጥፋት አልመሰለኝም።

ያኔ ጌታን አላውቀውም። ጎረቤታችን እቴቴ ስንዱ ጸሎት ቤት ሲወስዱኝ የምሄደው ለሥራው ብዬ ነበር። በዚያው ሳምንት እጃቸውን ጭነው «ጌታ ሆይ፣ ለዚህች ልጅ ቋሚ ነገር ስጣት» ብለው ጸለዩልኝ። አሜን ማለት አቃተኝ።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ከብልባላ አንድ አባት ወገባቸውን ሊታዩ መጡ። ካርዳቸውን ፈልጌ ለተረኛዋ ሲስተር ሰጠኋት። ትንሽ ቆይቶ ከምርመራ ክፍሉ ሳቅ ሰማሁ።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ካርድ ክፍል ሊቀጠሩ አመልክተዋል እንዴ?»

«ከቀጠራችሁኝማ እሺ፤ ግን ወገቤን አስቀድሙልኝ!»

ከዚያ ሁሉ ካርድ መካከል የእሳቸው! በዚያው ቀን! ጌታ ይባረክ!

ሲስተር ወረቀቱን ይዛ መጣች። «ይቺ ዘይነባ፣ ማመልከቻዋን የትም ትጥላለች!» አለች። እኔን ማንም አልጠረጠረኝም። ዝም ብል ያልፍ ነበር። አባትየው ግን ከኋላዋ ቆመው «ልጄ፣ የሰው እንጀራ እንዳይሆን፤ ቶሎ አድርሺላት» አሉኝ።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ የደበቅኩት» አልኳት።

ሰዓቷን አየች። «አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሩጪ!»

ሮጥኩ። የሰው ሀብት ጸሐፊዋ መዝገቡን ልትዘጋ ስትል ደረስኩ። ከዚያ በቀጥታ እቴቴ ስንዱ ቤት ሄጄ ሁሉን ተናዘዝኩ። ያቃተኝን አሜን ያን ቀን አልኩት፤ ጌታንም ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ!

ዘይነባ ከለቅሶ ስትመለስ ነገርኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ካርድ እየደረደርን ሳለ «እስቲ ከዚህ ውስጥ ደግሞ የማንን ደብቀሻል?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ እያለቀስኩ ነው የሳቅኩት።

ውጤቱን ስንጠብቅ ያ ሁሉ ጭንቀት ከእኔ ሄዶ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሟን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ እልል ያልኩትም እኔ።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ቋሚውን አግኝቻለሁ» አልኳት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «አብሽሪ» ብላ አቀፈችኝ።

አሁን የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስመረቅ የት እንደምቀጠር አላውቅም፤ ልቤ ግን አርፏል። ተመስገን! እናንተም በየቀኑ ሰሌዳ የምታዩ ካላችሁ፣ በጌታ ታመኑ፤ አያሳፍራችሁም። የደበቃችሁት ነገር ካለ ደግሞ ዛሬውኑ አውጡት።

የካርድ ክፍሉን ቁልፍ በዘይነባ እጅ አስቀምጬ፣ ስቀን ተሰነባብተን የወጣሁት ኮንትራቴ ባለቀበት ቀን ነበር፤ ሰኔ ሠላሳ።