የላሊሴ ዜናና የዕድሩ ጥሩምባ

ዓለም ገና ላይ ዜና ያለ ላሊሴ ቅመም አይበላም። ላሊሴ ባጃጅ ትነዳለች። ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት የሰፈሩን ዜና በድምፅ ቀድታ ቴሌግራም ላይ ትለቃለች፦ የቀበሌ ሰው ሆና ትስላለች፣ አህያ ሆና ትመሰክራለች። ጋዜጠኝነት የተማረችው ከተሳፋሪ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ዩኒቨርሲቲ ካለ አሳዩኝ። ደግሞ አንድ ክፉ አመል አላት፦ ወሬ ስትሰማ ሄዳ በዓይኗ ታያለች። በሐሜት ላደግን ሰዎች ይህ ክህደት ነው።

ግን ይሠራል። የክትባት ማስታወቂያ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ደርቆ ሲቀር፣ እሷ መርፌ የፈራ አባት ሆና አለቀሰች፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እየሳቁ ሄዱ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ መንገድ ቆፋሪዎች የውሃውን ቧንቧ ሰበሩትና የሽንት ቤት ፍሳሽ ገባበት። ላሊሴ ሄዳ አየች። ዜናውንም በእንቁራሪት አፍ ሠራችው፦ እንቁራሪቷ ጀሪካን ውስጥ ሆና «ኧረ እኔ እንኳ እዚህ አልኖርም፣ ሌላ ቤት ፈልጉልኝ!» ትላለች። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ቡራዩ ያለ ዘመድ ሁሉ ተቀባበለው።

ባጃጇን ልታስነሳ ስትል ጎረቤቷ ብርቅዬ ከዚያው ቧንቧ ጀሪካን ሞልታ መጣች።

«ብርቅዬ! ዜናውን አልሰማሽም?»

«ሰማሁ እንጂ፣ ለእህቴም ላክሁላት! አንቺ ጉደኛ፣ በሳቅ ገደልሽን እኮ።»

«ይሄ ውሃስ?»

«ለሕፃኑ ጡጦ ነው።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ውይ፣ የምርሽን ነበር እንዴ?»

የብርቅዬን ጀሪካን ደፉት። የሰፈሩንስ? ላሊሴ ኮስተር ብላ ዜናውን እንደገና በድምፅ ቀዳች። የመጀመሪያው መልስ ወዲያው ደረሰ፦ «ሃሃሃ! የቀበሌውን ሰውዬ ቁርጥ አድርጋ አመጣችው!»

ያኔ ወደ ዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ወደ ባጫ ከነፈች።

«ሬሳው የማን ነው?» አላት፣ ጥሩምባውን አቅፎ።

«እስካሁን የለም። ካልነፋህ ግን አይጠፋም።»

ባጫ እያጉረመረመ ነፋ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። የዕድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቀጄላ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ቀደሙ።

«ኤኙቱ ዱኤ? ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም፣ ኦቦ። ውሃው የሽንት ቤት ፍሳሽ ገብቶበታል። የቀዳችሁትን ድፉ።»

ሁሉም አፍ አፏን አየ፤ አህያዋን ጠበቀ። አህያ አልመጣችም።

«በሞት ጥሩምባ ይቀለዳል?» አሉ ኦቦ ቀጄላ።

«የቀለድኩትስ ጠዋት ነው፣ ኦቦ። ይቅጡኝ፤ ውሃውን ግን ያስደፉ።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው «ምን ትጠብቃላችሁ? ድፉ እንጂ!» ብለው ጮኹ። በየደጁ የጀሪካን መንዶቅዶቅ ተሰማ። በእሷም ላይ ፈረዱ፦ ያለ ሞት ጥሩምባ ያስነፋ ይቀጣል፤ ክረምቱን ሙሉ የዕድሩን ድንኳን በባጃጇ ታመላልስ።

ዛሬም ታስቃለች፤ የሰው ሕይወት ያለበትን ዜና ግን ለአህያ አትሰጥም። አንዳንዱ «ቀዘቀዘች» ብሎ ትቷታል። ይተዋት። ድንኳኑን ጭና ስታልፍ ግን መንገደኛ አስቁሞ «ማን ሞተ?» ይላታል። ስሙን ትነግረዋለች። እሱም ሳይስቅ ኮፍያውን ያወልቃል።