ግንዱን የጣለው ቃል አይደለም

ያን ወሬ ማን እንደ ጀመረው አውቃለሁ። በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። በሰርግ ቤት ይወራል፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ሦስተኛው ቀን ላይ ሰው ሲሰለቸው ይወራል። «እንጦጦ ላይ አንድ የየካ ሰው ነበር፤ ሕንዱ ‹ና› ቢለው ሄደለትና ግንድ እግሩን ጨፈለቀው። ለካ በሕንዱ አገር ‹ና› ማለት ‹አይሆንም› ማለት ኖሯል።» ከዚያ ይስቃሉ። ያ የየካ ሰው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ነገሩ የሆነው ከተማው ገና ተራራው ላይ ሳለ ነው። ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር በዓይናችን አላየንም፤ ለቤቱም ለምድጃውም የሚቆረጠው ጥድ ነበር። እኔና ወንድሜ ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን ግንድ ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ጫካ እየቆረጥን፣ በቆዳ ጠፍር እያሰርን፣ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ከሚጎትቱት ሰዎች ጋር እንሠራ ነበር። ሥራው ላይ ያልነበረ አገር የለም ማለት ይቻላል። አናጢው አርመን ነው፣ ብረት ሠሪው ግሪክ፣ ግንበኛው ሕንድ፤ እኛ ደግሞ አባታችን አማርኛ፣ እናታችን ኦሮምኛ የሚያወሩ የየካ ልጆች ነን።

«ና» የምትባለው ቃል እውነትም መከረኛ ነበረች። ለእኛ «ቅረብ» ናት። በእናታችን ቋንቋ «እኔን» ማለት ናት። አርመኑ «እሱ» ለማለት ይላታል። ግሪኩ መዶሻ ሲያቀብል «ይኸውልህ» ለማለት ይላታል። ሕንዱ ደግሞ ድንጋይ ያለ ቦታው ስናስቀምጥ ራሱን እየነቀነቀ «ና፣ ና» ይላል፤ አይደለም ማለቱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተሳስተናል፣ አልክድም። እሱ «ና» ባለ ቁጥር ድንጋያችንን ተሸክመን ወደ እሱ እየሄድን አበሳጭተነዋል። ግን ሰው ነን፤ ለመድነው። ሁዳዴ ሲገባማ ሕንዱ «ና» ሲል ከሥራው ላይ አንድም ሰው የሚቀርብ አልነበረም፤ ሁሉም ባለበት ቀጥ ይላል። ወንድሜ እንዲያውም ምሳ ላይ ቂጣ ሲዘረጉለት «ና፣ ና» እያለ በሕንዱ አነጋገር ያሾፍ ነበር፤ ሕንዱም ይስቅለታል። ይህን የምናገረው እንዲታወቅልኝ ነው። ቃሉን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

የማይታወቀው የሹሙ ጾም ነበር። የሥራው ሹም ወፍራም፣ ጸሎት የሚያበዛ ሰው ነው። ጠፍር ደግሞ ቆዳ ነው፤ በየጊዜው ቅቤ ወይም ሞራ ካልተቀባ ይደርቃል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሁዳዴ በገባ ማግስት ሹሙ የሞራውን ገንቦ አስነሣ።

«ለታቦት ቤት የሚሄድ እንጨት በጾም ቅባት አይነካውም» አለ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ጠፍሩ እኮ አይጾምም። ይኸው ተሰንጥቋል፤ ይዩት» አለው።

«አንተ ነህ ሥርዓት የምታስተምረኝ?»

«አይደለም ጌታዬ። ሞራው ቢቀር የኑግ ዘይት ይስጡን። ኑግ የጾም ነው።»

ዘይት የለም አለ። ዘይቱ ግን ነበር። በቅል ሆኖ በሹሙ ድንኳን ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ እንጨት ሳስገባ አይቼዋለሁ፤ ጾሙን ሲፈታ ሽሮው ላይ ሲያንቆረቁረውም አይቻለሁ። የእሱ ሆድ በዘይት ወዝቶ የእኛ ጠፍር ጾመ። ይህን እስከ ዛሬ በሰላም መናገር አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ዳገቱ ከበድ በሚልበት ቦታ ግንዱ ቆመ፤ ጎታቾቹ ደከሙ። ሹሙ ወንድሜን ከግንዱ ሥር ገብቶ ድጋፍ እንዲያደርግ አዘዘው። ገባ። እኔ ላይኛው ጫፍ ላይ ጠፍሩን ይዣለሁ። ሕንዱ ከማዶ ድንጋይ ሲመርጥ ነበር፤ ቀና ሲል ጠፍሩ መሀሉ ላይ ሲተረተር አየ። ሁለት እጁን እያወዛወዘ «ና፣ ና» ብሎ ጮኸ። ወንድሜ የትም አልሄደም። ያኔ ከግንዱ ሥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወዴት ይቀርባል? ቀና ብሎ ጠፍሩን አየና ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ እግሩን ሲያነሣ ጠፍሩ ተበጠሰ። ቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ ደቀቀ።

ሕንዱ እያለቀሰ ጥምጥሙን ቀዶ እግሩን አሰረለት። ሹሙ ምን አደረገ? ደሙ ሳይደርቅ ወደ እኛ ዞሮ «ይህ ሰው ጠራው፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለ። ወሬው የተወለደው እዚያች ላይ ነው።

ወንድሜ በቃሬዛ ሆኖ ዳኛ ፊት ቀረበ። እግሩ እንደማይመለስ ያውቃል። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በዳኛ አፍ እንዲነገርለት። እኔ የተበጠሰውን ጠፍር ይዤ ሄድኩ። ዳኛው ተቀብሎኝ አገላብጦ አየውና አጠገቡ አስቀመጠው። ከዚያ ሹሙ ያቺን «ና» አመጣት። ዳኛው ሕንዱን «በአገርህ ምን ማለት ናት?» ብሎ አስጠየቀው። «አይሆንም» ማለት እንደ ሆነች ሲነገር ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ ቃሬዛው ላይ ተኝቶ ሲስቁበት ያያል። ሕንዱ ወደ ጠፍሩ እያመለከተ ብዙ ተናገረ፤ የሚያስተረጉመው አርመን ግን ሰው መሳቅ ስለ ጀመረ ተወው። የሥራ ጓደኞቻችን ተጠሩ፤ «ና ሲል ሰምተናል» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሰምተዋል። ስለ ጠፍሩ የጠየቃቸው የለም፤ እነሱም ነገ ለዚያው ሹም የሚሠሩ ናቸው።

ዳኛው ፍርዱን እንዲህ ሰጠ። «ይህ ከባቢሎን ግንብ ጀምሮ የመጣ የቋንቋ መደባለቅ ነው። ቋንቋን የደባለቀ እግዚአብሔር ነው፤ እሱን ማን ይከሳል?» ሰዉ ተደንቆ አጨበጨበ። እግዚአብሔርን ጠርቶ አንድ ቅል ዘይት አዳነ። በፋሲካ ማግስት ጠፍሩ ሁሉ በሞራ ወዛ፤ ሕንዱም ሥራውን ትቶ ወደ ባሕሩ በኩል ሄደ።

ዓመታት አለፉ፤ ከተማውም ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደ። እኔ የጠፍሩን ነገር ላገኘሁት ሁሉ ስናገር፣ ከሚስቁትም ጋር ስጣላ ኖርኩ። አንድ የገበያ ቀን ወንድሜን ልወስደው ወደ ጠጅ ቤት ጎራ አልኩ። ሰዎች ከበውታል። አንካሴውን እያነሣ፣ የሕንዱን ራስ አነቃነቅ እያስመሰለ፣ «‹ና› አለኝ፤ እኔ ሞኙ ሄድኩለታ» ይላል። ጠጅ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል፤ እሱም ይስቃል።

መንገድ ላይ ራሴን መግታት አቃተኝ። «አንተም? አንተም እንዲህ ትላለህ?» አልኩት።

ቆመና አንካሴው ላይ ተደገፈ። «ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ የጠፍሩን ነበር የምነግራቸው» አለኝ። «ያዝኑልኛል። ከዚያ ሹሙን የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ዞር ዞር ብለው ያዩና አንድ በአንድ ይነሣሉ። ብቻዬን ጠጄን ይዤ እቀራለሁ። የ‹ና›ን ስነግራቸው ግን አይነሡም።»

በእሱ ልቆጣ ፈልጌ አልቻልኩም። እግሩን መውሰዳቸው አንሶ፣ ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥለት ሲል ለሹሙ የሚመሰክረው እሱ ራሱ ሆኗል።