ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ምሳሌ

እኛ ቤት "በጣም" የሚባል ቃል አይታወቅም። አባቴ ዛፍ ወድቆበት እግሩ ሲሰበር እንኳ ለጠየቀው ሰው ሁሉ "ትንሽ ነው" ነበር መልሱ። እኔም ያባቴ ልጅ ነኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሰው ናት ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆና "ራዘር" የሚለውን ቃል የምታስተምረው!

ያን ዓመት ኅዳር ላይ አባቴን ሆዱን ያመው ጀመር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቴፒ አጠገብ ባለችው የቡና ማሳው ላይ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ሞባይል ገና መግባቱ ስለነበር በየእሁዱ እደውልለታለሁ።

"አባባ፣ ሆድህ እንዴት ሆነ?"

"ትንሽ ነው ልጄ።"

"ናና እዚሁ እኔ አጠገብ አማን ሐኪም ቤት ላሳይህ።"

"ቡናው ተሰጥቶ? ማን ያገላብጠዋል? ይሻግታል እኮ። ይድረቅና እመጣለሁ።"

ሐሙስ ዕለት ጎረቤቱ ደወለችልኝ። "አባትሽ እህል መቅመስ ትቷል። እሱ እንደሆነ በስልክ ልመና አይመጣም፤ መጥተሽ እጁን ይዘሽ ውሰጂው" አለችኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ከልቤ ነበር።

ዓርብ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ መሰላል ሥዬ ከታች "ትንሽ"፣ ከላይ "በጣም"፣ መሃል ላይ "ራዘር" ብዬ ጻፍኩ። "ከትንሽ ያልፋል፣ በጣም ላይ ግን አይደርስም" አልኳቸው። ቀጥዬ ሌላውን አገባቡን አስተማርኩ፤ ከሁለት ነገር አንዱን ስንመርጥ "ከዚህ ይልቅ ያኛው ይሻለኛል" እንደምንለው። የየራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ ስላቸው፣ ፊት የተቀመጠች ልጅ "ቲቸር፣ መጀመሪያ እርስዎ ምሳሌ ይስጡን" አለች።

ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። የቴፒ መንገድ ጭቃ ሲሆን መኪና እዚያው ተይዞ ይውላል። ቤት ደግሞ ሰኞ የማስረክበው የፈተና ወረቀት ተቆልሏል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የኔን ጠመኔ አወጣው። "ወደ ቴፒ ከምሄድ ይልቅ ሚዛን መቅረት ይሻለኛል" ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ያን መንገድ የማያውቅ የለምና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቀረሁ። አባቴ "ትንሽ" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? "ትንሽ ነው ብሏል እኮ፣ የሚመጣው ቅዳሜ የት ይሄዳል" እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። እሁድ ስደውል አላነሳም፤ ኔትወርክ ነው አልኩ። ወረቀቴን አርሜ ጨረስኩ።

ሰኞ ማለዳ ጎረቤቱ እያለቀሰች ደወለች። ቡናው ከተሰጣበት ሰሌን አጠገብ ወድቆ አገኙት። ሊያገላብጥ ወጥቶ ነው።

ያኔ ጭቃውም አልያዘኝ፣ ወረቀቱም አልያዘኝ። ከቀትር በፊት ቴፒ ደረስኩ። ለቀብር ሲሆን እንዴት ይደረሳል! ምነው ያን ዓርብ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ እጄን በቆረጠው።

ከሐዘን ስመለስ የተማሪዎቹ ደብተሮች ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረው ጠበቁኝ። የኛ አገር ተማሪ የራስህን ጻፍ ቢሉት እሺ አይልም፤ መምህር የጻፈው አይሳሳትም ብሎ ሰሌዳውን ይገለብጣል። የመጀመሪያውን ደብተር ገለጥኩ። "ወደ ቴፒ ከምሄድ ይልቅ ሚዛን መቅረት ይሻለኛል።" ሁለተኛውን ገለጥኩ፤ ያው። ሦስተኛውም፣ አሥረኛውም ያው። ምሳሌ ይስጡን ያለችኝ ልጅማ አሳምራ ጽፋ ከሥሩ በማስመሪያ አስምራበታለች።

ምን ብዬ ልሰርዘው? አንድም ስሕተት የለበትም። ቀይ እስክርቢቶዬን አነሳሁ። ስድሳ ሁለት ደብተር ነበር፤ ስድሳ ሁለት ጊዜ "ልክ ነው" ብዬ ፈረምኩበት።